«ከላይ ያለው ያንተ» ሲባል ታክሱ የማን ይሆናል?

በመተማ ዮሐንስና በዙሪያው ባሉት የምዕራብ ጎንደር ቆላዎች ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በስፋት የሚያመርት ሰው ከማሽን አይርቅም። ክረምት ሲገባ የሚጣበቀውን፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጣጠቀውን ዋልካ አፈር በሰፊው ለማረስ በሬ አይበቃም። ትራክተር ያለው ያከራያል፣ የሌለው ይከራያል። ምርቱም ወደ ገንዳ ውኃ፣ ወደ ጎንደርና ከዚያም ወዲያ የሚጓዘው በአይሱዙና በተሳቢ ነው። አዲስ ማሽን ለመግዛት አቅም ያለው ጥቂት ስለሆነ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በአመዛኙ ያገለገለው ነው። ሻጭና ገዢን የሚያገናኘው ደግሞ ደላላ ነው። ውል ተፈርሞ፣ ገንዘብ ተቆጥሮ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ከገባ ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይመጣል፤ ጠቡም ያኔ ይጀመራል። ሰው ጣቱን የሚቀስረው በታክሱ ተመን ላይ ነው፤ «በዛ» ይላል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን ጠቡ የሚጀምረው ከዚያ በፊት፣ የደላላው ድርሻ ተደብቆ ዋጋው በተቆረጠበት ሰዓት ነው። ያ ድርሻ በወረቀት ላይ ቢሰፍር ኖሮ አብዛኛው ክርክር ባልተነሳም ነበር።

በመጀመሪያ ሕጉ የሚያየው ማንን እንደሆነ እንለይ። የተጨማሪ እሴት ታክስ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ታውጆ በ1995 ሥራ ላይ ዋለ። በ2016 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተካ። ተመኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ 15 በመቶ ነው። ታክሱ የሚከተለው ዕቃውን ሳይሆን የሚሸጠውን ሰው ነው። ለታክሱ የተመዘገበ ነጋዴ በንግድ ሥራው ሲጠቀምበት የቆየውን የጭነት መኪና ሲሸጥ ከገዢው ታክስ ሰብስቦ ለመንግሥት ማስገባት አለበት። ያልተመዘገበ ገበሬ ወይም ደመወዝተኛ የግል መኪናውን አንድ ጊዜ ሲሸጥ ይህ ግዴታ የለበትም፤ እየነገደ አይደለምና። የ1994ቱ አዋጅ ያገለገለ ነገርን በስም ጠርቶ ከታክስ ነፃ ያደረገው መኖሪያ ቤትን ነው። «አሮጌ ዕቃ ታክስ የለበትም» የሚለው የገበያ አባባል ስለዚህ ለመኪናም፣ ለጄኔሬተርም፣ ለውኃ ፓምፕም አይሠራም። ጎርጎራ ላይ ለጣና ሥራ የዋለ የጀልባ ሞተር ቢሸጥም ጥያቄው ያው ነው፤ ሻጩ የተመዘገበ ነው ወይስ አይደለም?

አሁን ወደ አሻሻጡ እንምጣ። በተሽከርካሪና በማሽን ድለላ ሁለት ዓይነት ስምምነት የተለመደ ነው። አንደኛው ደላላው ከሽያጩ በመቶኛ የሚቆረጥለት ነው። ሁለተኛው ሻጩ «እኔ ሁለት ሚሊዮን ብር ይግባልኝ፤ ከላይ ያለው ያንተ» የሚልበት ነው። ለሻጩ ይህ ሁለተኛው ይቀለዋል፤ የሚገባውን ገንዘብ አስቀድሞ አውቆ ይተኛል። ደላላውም ይጓጓል፤ በጎበዝነቱ ልክ ያገኛልና። እንበል መኪናው በመጨረሻ 2,300,000 ብር ተሸጠ። ሻጩ 2,000,000 ብሩን ወሰደ፣ ደላላው 300,000 ብሩን ኪሱ ከተተ። ሻጩ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ፣ ገዢው የከፈለው 2,300,000 ብር ታክሱን ጨምሮ የተከፈለ ዋጋ ተደርጎ ሲሰላ፣ በውስጡ ያለው ታክስ ልክ 300,000 ብር ነው። የታክሱ መጠንና ደላላው የወሰደው ገንዘብ አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። መንግሥት ታክሱን የሚጠይቀው ሻጩን ነው፤ ሻጩ ከፍሎ ሲጨርስ እጁ ላይ የሚቀረው 1,700,000 ብር ይሆናል። ጽሕፈት ቤቱ «ዋጋው ታክስን አይጨምርም ነበር» ብሎ ቢያሰላ ደግሞ ዕዳው 345,000 ብር ይደርሳል። ሁለት ሚሊዮን ይገባልኛል ብሎ የተዋዋለ ሰው እንዲህ ሲሆን ቢጮህ አይፈረድበትም። የሚጮኸው ግን በተመኑ ላይ ነው፤ ያጎደለበት ግን «ከላይ ያለው» ውስጥ የመንግሥት ድርሻ እንዳለ ሳያስብ ለደላላው መልቀቁ ነው።

«ታዲያ 300,000 ብሩን የወሰደው ደላላው አይደል? እሱ ይክፈል» የሚል ክርክር ወዲያው ይነሳል። የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ሕጉ በሁለት ዓይነት አገናኞች መካከል ልዩነት ያደርጋል። በ2013 በተተካው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላ ማለት ሰዎችን አፈላልጎ እንዲዋዋሉ የሚያገናኝ፣ ራሱ ግን በውሉ ውስጥ የማይገባ ነጋዴ ነበር። የኮሚሽን ወኪል ደግሞ ለሌላ ሰው ጥቅም በራሱ ስም የሚገዛና የሚሸጥ ነበር። በታክስ ሕጉ አንድ ሰው በሌላው ስም ሆኖ ሲሸጥለት፣ ሸጠ የሚባለው ባለ ንብረቱ ነው። ስለዚህ ደላላው የመኪናው ሻጭ አይደለም፤ የሸጠው የማገናኘት አገልግሎቱን ነው። ግብሩም በዚያ ገቢው ላይ ያርፋል። በተርን ኦቨር ታክስ አዋጅ ቁጥር 308/1995 የትራክተርና የኮምባይነር አገልግሎት 2 በመቶ ሲከፍል፣ ድለላን የመሰለው ሌላው አገልግሎት 10 በመቶ እንዲከፍል ተደንግጎ ነበር። ስለዚህ 300,000 ብሩ በትክክል ቢያዝ ሁለት ቦታ መታየት ነበረበት። በደላላው መዝገብ ገቢ ሆኖ፣ በሻጩ መዝገብ ደግሞ ወጪ ሆኖ። ሻጩ ወጪ አድርጎ ከትርፉ ሊቀንሰው የሚችለው ግን የደላላው ደረሰኝ ሲኖረው ብቻ ነው። ደረሰኝ የሌለው ድለላ ሻጩን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል፤ አንዴ ያልተቀበለውን ገንዘብ ታክስ ያስከፍለዋል፣ ዳግም ያን ገንዘብ ወጪ ብሎ እንዳይቀንስ ይከለክለዋል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በክርክር ጊዜ የታክስ ውሳኔው ትክክል አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም ያለው በግብር ከፋዩ ላይ ነው። «ደላላው ወስዶት ነው» የሚለው ቃል ደግሞ ማስረጃ አይሆንም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ክፍያው የሚያልፍበት መንገድ ነው። ገዢው ድርጅት ሲሆን ከሚከፍለው ላይ ቀንሶ የሚያስቀረው ታክስ አለ፤ ነጋዴው «ዊዝሆልድ» የሚለው ማለት ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከ10,000 ብር ለሚበልጥ የዕቃ ግዢ ተቀንሶ የሚቀረው 2 በመቶ ነበር፤ ሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካላቀረበ ግን 30 በመቶ። ተዋዋዮች በውሉ ቀን የሚሠራበትን ተመን ቢጠይቁ ይበጃል፤ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሕጉ ተሻሽሏልና። ገንዘቡ በደላላው ሒሳብ በኩል ካለፈ ተቀናሹ በደላላው መለያ ቁጥር ይመዘገባል። የሻጩ መዝገብ ባዶ ይሆናል፤ የደላላው መዝገብ ደግሞ ያልሸጠውን መኪና እንደ ሸጠ ያስመስላል። ኦዲተር በሚመጣበት ጊዜ ሁለቱም ተጠያቂ ሆነው ይቆማሉ፤ ሁለቱም አንዱ በሌላው ላይ ጣት ይቀስራል።

ሌላው አደገኛ ልማድ በውክልና መሸጥ ነው። የስም ማዛወሪያውንና ታክሱን ለመሸሽ ሻጩ ሊብሬውን በስሙ እንደያዘ ለገዢው ወይም ለደላላው የመሸጥ የመለወጥ ውክልና ይሰጣል። መኪናው በዚያች አንዲት ውክልና ሦስት አራት እጅ ይዞራል። በመንግሥት መዝገብ ግን ባለቤቱ ያው የመጀመሪያው ሰው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ተሽከርካሪ ጉዳት ሲያደርስ ኃላፊ የሚሆነው ባለንብረቱ ነው። ሽያጩን ለመደበቅ ሲል ስሙን ያላስዛወረ ሰው፣ ከገንዳ ውኃ እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ላይ ሌላ ሰው የሚነዳው መኪና ቢገለበጥ የካሳው ጥያቄ ወደ እሱ እንደሚመጣ ማወቅ አለበት። ያተረፈው ታክስ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

በውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። 2,300,000 ብር ተሸጦ 1,500,000 ብር ተብሎ ይጻፋል፤ ሻጩ ታክስ ቀነሰልኝ ይላል፣ ገዢው የስም ማዛወሪያው ረከሰልኝ ይላል። መኪናው ግን የሌላ ሰው ዕዳ ያለበት ሆኖ ቢገኝና ገዢው ገንዘቡን ለማስመለስ ፍርድ ቤት ቢሄድ፣ የሚጠቅሰው ሰነድ 1,500,000 ብር የሚል ነው። ገዢው ራሱ የተመዘገበ ነጋዴ ከሆነ፣ ትክክለኛ ደረሰኝ ቢኖረው ኖሮ ከራሱ ታክስ ላይ የሚያቀናንሰውን 300,000 ብር ያጣል። የገቢዎች ጽሕፈት ቤትም በተጻፈው ዋጋ የመታሰር ግዴታ የለበትም፤ መዝገቡ አስተማማኝ ካልሆነ በግምት የማስላት ሥልጣን የታክስ አስተዳደር አዋጁ ሰጥቶታል። ግምት ደግሞ ለግብር ከፋዩ ብዙ ጊዜ አያዳላም።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል፤ «ይህ መኪና አዲስ ሲገዛ ታክስ ተከፍሎበታል፤ አሁን ዳግም መጠየቅ ሁለት ጊዜ ማስገበር ነው» የሚለው። ሁለት ጊዜ መገበር ለዚህ ድንበር ሰው የቆየ ትዝታ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመተማ የሰፈሩት የተክሩር ሕዝብ ሹማምንት ለኢትዮጵያም፣ ሱዳንን ይገዛ ለነበረው ለግብፅም ይገብሩ ነበር። የዛሬው ተቃውሞ ግን ለሁሉም እኩል አይሠራም። የተመዘገበ ነጋዴ መኪናውን ሲገዛ የከፈለውን ታክስ ከሰበሰበው ላይ አቀናንሶ መልሶታል፤ ሲሸጥ ቢሰበስብ ሁለተኛ አልከፈለም። ክርክሩ እውነት የሚሆነው ከተራ ሰው ገዝቶ መልሶ ለሚሸጥ ነጋዴ ነው። ተራው ሰው ሲገዛ የከፈለውን ታክስ ማንም አልመለሰለትም፤ ታክሱ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ተቀምጧል። ነጋዴው በሙሉ ዋጋው ላይ 15 በመቶ ሲያስከፍል በታክስ ላይ ታክስ ይደራረባል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ያገለገሉ ዕቃዎች ነጋዴ ታክሱን የሚያሰላው በገዛበትና በሸጠበት ዋጋ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ብቻ እንዲሆን ፈቅዷል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የተመዘገበ ነጋዴ ካልተመዘገበ ሰው ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ፣ በዋጋው ውስጥ እንዳለ የሚታሰበውን ታክስ እንዲያቀናንስ ትፈቅዳለች። የእኛም ነጋዴ ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። ይሁንና በሁለቱም አሠራር ነጋዴው ማንኛውንም ነገር ከመጠየቁ በፊት የገዛበትን ዋጋ በሰነድ ማሳየት አለበት። በአፍ የተደራደረ ሰው ከተሻለውም ሕግ አይጠቀምም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የትርፍ ግብርን የሚመለከት ነው፤ እኔም በግማሹ እስማማበታለሁ። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ የመኪናውን ዋጋ በየዓመቱ በእርጅና ተቀናሽ ይቀንሳል፤ በደንብ ቁጥር 410/2009 በቀጥታ ዘዴ 15 በመቶ ነው። ከ7 ዓመት በኋላ መኪናው በመዝገብ ላይ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ ሲሸጠው የሚያገኘው ገንዘብ እንዳለ የንግድ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል፤ በግለሰብ ነጋዴ ላይ ከፍተኛው ተመን 35 በመቶ ነው። ሕጉ በመርህ ደረጃ አልተሳሳተም፤ የተቀነሰው እርጅና ቀደም ብሎ ግብሩን አቅልሎለታልና። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያገለገለ መኪና ዋጋ ከተገዛበት በላይ የሚጠራው ብሩ ስለወረደ ነው። አሮጌውን ሸጦ ያንኑ የሚመስል ለመግዛት የሚፈልግ አርሶ አደር ወይም አጓጓዥ፣ ግብሩን ከፍሎ በቀረው ገንዘብ ተመሳሳዩን አያገኝም። ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ የሕግ አውጪ መልስም ይፈልጋል። መልሱ ግን በውሉ ላይ ዋጋ መደበቅ ሊሆን አይችልም። የተደበቀ ዋጋ በበዛ ቁጥር የጉዳቱን መጠን ለምክር ቤትም ሆነ ለገንዘብ ሚኒስቴር የሚያሳይ አንድም ሰነድ አይኖርም።

ትራክተር ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ እንዴት ገባ? በኢንቨስትመንት ፈቃድ ወይም የእርሻ ማሽን እንዲበረታታ በተሰጠው ዕድል ከቀረጥ ነፃ የገባ ማሽን፣ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ያልተከፈለው ቀረጥና ታክስ ይጠየቃል። ደላላው ይህን ሳይናገር ቢያሻሽጥ፣ የሚያዘው ማሽን ገዢው ሜዳ ላይ የቆመው ነው። ድንበር ላይ ስላለን ከወዲያ ማዶ ያለውንም መርሳት አይቻልም። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ሕዝብ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግሯል፤ ከነተሽከርካሪው የመጣም ነበር። በጊዜያዊነት የገባ ተሽከርካሪ የጉምሩክ ሥርዓቱ ሳይፈጸም ሊሸጥ አይችልም። የተቸገረ ስደተኛ በርካሽ ቢያቀርበውም፣ በርካሽ የገዛው ሰው መኪናውንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል።

«በዚህ ጊዜ፣ በዚህ ቦታ ደረሰኝ ማን ይሰጣል?» የሚለውም ይሰማል። በክልሉ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የዘለቀው ግጭት መንገዱን አክብዶታል፣ ቢሮ ዘግቶ ከፍቷል። ብዙው ደላላም የድለላ ፈቃድ የለውም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ነገር ግን ያው ገበሬ ሰሊጡን ሲሸጥ ያለውን ሥርዓት እንመልከት። በሚያዝያ 2000 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመተማም መጋዘን አለው፤ ሰሊጡ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ክፍያው በባንክ ያልፋል። ያ ገበሬ ወረቀት አይጠላም፤ ወረቀቱ ሲጠቅመው አይቷል። ሰሊጡን ያጓጓዘው መኪና በአፍ ቃል የሚሸጠው ደላላውን ወደ ሕጋዊ መንገድ የሚስብ ነገር ስለሌለ ነው። ፈቃድ ያወጣ ደላላ ወዲያው ግብር ይቆለልበታል፤ ያላወጣው ደግሞ ሙሉውን ይዞ ይሄዳል። የዞኑና የወረዳው ገቢዎችና ንግድ ጽሕፈት ቤቶች «ሕገወጥ ደላላ» እያሉ ከማሳደድ ይልቅ፣ ደላላው በትንሽ ወጪ ተመዝግቦ የኮሚሽን ደረሰኝ የሚቆርጥበትን መንገድ ቢያመቻቹ፣ እያንዳንዱ ደረሰኝ ስለ አንድ ሽያጭ ትክክለኛ ዋጋ የሚናገር ምስክር ይሆንላቸዋል። ደላላውን ማጥፋት ገበያውን አያጸዳም፤ በዚህ ሰፊ ቆላ ውስጥ የትኛው እርሻ ላይ የትኛው ማሽን እንደቆመ የሚያውቀው እሱ ነው።

ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የሚከተለው ምክር አጭር ነው። ከደላላው ጋር ኮሚሽኑ ምን ያህል እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ «ከላይ ያለው ያንተ» አትበሉ። በሽያጩ ውል ላይ ገዢው በእርግጥ የሚከፍለው ዋጋ ይጻፍ፣ ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር ወይም አይጨምር አንድ መስመር ይግባበት፤ ባንኮች በጨረታ ማስታወቂያቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ገንዘቡ በባንክ፣ በባለ ንብረቱ ስም ይግባ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የቀረጥ ሁኔታውን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ስም የሚዛወርበትን ቀን ቁረጡ።

ይህ ሁሉ ሆኖም የማያምኑበት የታክስ ውሳኔ ከደረሰዎ፣ ደብዳቤውን ይዞ ደላላ ፍለጋ መሄድ አይጠቅምም። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ የቅሬታ ማመልከቻ ለግብር ባለሥልጣኑ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ክልሉም የራሱ ተቀራራቢ ሕግ አለው። በዚያ ካልረኩ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ይቻላል፤ ለዚህ ግን ከተከራከሩበት ታክስ 50 በመቶውን አስቀድሞ መክፈል ግድ ነው። ወደ ፍርድ ቤት ሲያልፍ 75 በመቶ ይሆናል። የ21 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ውሳኔው ከደረሰበት ዕለት ነው፤ ስለዚህ የደረሰበትን ቀን በደብዳቤው ጀርባ ይጻፉ፣ የተረከቡበትን ሰነድም ያስቀምጡ።